እትዬ ቆይማ እና ሆዳሟ ኮከብ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሁሉም ሲሯሯጥ ተደላድሎ የሚቀመጥ አንድ ሰው አይጠፋም። በሕፃናት ክትባት ጣቢያው መዝገብ ክፍል ይህን ከባድ ሥልጣን የያዙት ክብርት እትዬ ቆይማ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው የዳታ ባለሙያው ነው፤ ምን ቢጠየቁ መልሳቸው «ቆይማ» ብሎ ይጀምራልና።

ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው፣ ከረጅም ማስታወሻ መሃል የተፈለገችውን ቃል ነጥሎ የሚያወጣውን፣ በምልክቶች የሚጻፈውን የዳታቤዝ ፍለጋ ካልተማርኩ አሉ። ባለሙያው በሦስት ቀን እንደሚሰለቻቸው እርግጠኛ ነበር። እሳቸው ግን ደብተር ገዝተው መጡና ለየምልክቱ ቅጽል ስም አወጡለት። የትኛውንም ፊደል የምትቀበለው ነጥብ «ማንም ይግባ» ተባለች። የጥያቄ ምልክቱ «ቢመጣም ባይመጣም» ሆነ። ከነጥቧ ጋር ስትገጥም ያገኘችውን ሁሉ የምትውጠው የኮከብ ምልክት ደግሞ «ሆዳሟ» ተባለች። «ይቺን አላምናትም» ይሉ ነበር። ባለሙያው ይስቃል።

አንድ ማክሰኞ፣ በአንድ መለያ ቁጥር የመጣ የክትባት ጭነት በሙቀት መበላሸቱ ተነገረ። የወሰዱት ሕፃናት በሙሉ ተጠርተው እንደገና መከተብ አለባቸው፤ የተዘነጋ ልጅ ከበሽታው ሳይጠበቅ ይቀራል። ቁጥሩ ያለው ደግሞ ነርሶች እንደመጣላቸው በጻፉት ማስታወሻ ውስጥ ነው። ባለሙያው «ክትባት» ከሚለው ቃል ተነስቶ፣ መሃል ያለውን በሆዳሟ አሻግሮ ከየማስታወሻው ቁጥሩን የሚያወጣ ፍለጋ በአራት ደቂቃ ጻፈ። ቁጥራቸው ከተበላሸው ጋር የገጠመ ስልሳ ሁለት ልጆች ተገኙ። የጣቢያው ኃላፊ ለወላጆች ስልክ መደወል ይጀመር አለች።

«ቆይማ» አሉ እትዬ። «ማስታወሻውን የጻፈው ማን ነው?»

መነጽራቸውን አጥልቀው ማስታወሻዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ያነቡ ጀመር። ባለሙያው ደሙ ፈላ። ከሰዓት በኋላ ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ። ወደ ሌላ ጣቢያ የተዛወረች አንዲት ነርስ መንታዎችን በአንድ ማስታወሻ ትጽፍ ነበር። ሆዳሟ መጀመሪያ የተጻፈችውን ሕፃን ከነቁጥሯ ውጣ፣ የወንድሟን ቁጥር ብቻ ይዛ ወጥታለች። የእሱ ክትባት ደህና ነበር። የተበላሸው የእሷ ነው።

«ልጄ፣ በልታት ነበር እኮ» አሉት። ባለሙያው ስልኩን አንስቶ ለእናትየው ደወለ። በማግስቱ ጠዋት እናትየው ሁለቱንም ታቅፋ መጣች፤ ሕፃኗ ተከተበች፣ ጣቢያውንም በለቅሶ አናጋችው።

ባለፈው ሳምንት እትዬ የዓመት ፈቃድ ወጥተው ነበር። ባለሙያው አዲስ ፍለጋ ጽፎ ጨርሷል፤ ሁለቴ አይቶታል፣ ስህተት የለውም። ጣቱ ግን ማስነሻውን ለመጫን እሺ አላለውም። ባዶ ወንበራቸውን አየና ስልኩን አነሳ። አንድ ፍለጋ ሊያስነሳ መሆኑን ነግሯቸው መልሳቸውን ጠበቀ።

«ቆይማ» አሉት።

ተመስገን ብሎ ወንበሩን ሳበና ማስታወሻዎቹን ማንበብ ጀመረ።