መብረቅ ፈርቼ የነቀልኩት ሶኬት

ዛሬ መርሳ ከተማ፣ እኛ ቤት የነበርነው እነዚህ ነን፦ እኔ ዘይነባ፣ ወልድያ የምትማረው ልጄ ሃያት፣ ፍላሽ ይዛ አብራት የመጣችው ጓደኛዋ ሰላም፣ ጎረቤታችን አባባ ይመር። ያልነበረው ትልቁ ልጄ ጀማል ነው።

የሠራሁትን ስነግራችሁ «አንቺ ሴትዮ!» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በሉ!

ጀማል በጅቡቲ አድርጎ ሳውዲ ሊሻገር ከወጣ በኋላ ድምፁ ጠፍቷል። እዚህ ግሩፕ ላይ ስጠይቅ «ፎቶውን ለጥፊ» አላችሁኝ። ልክ ናችሁ። ፎቶው ግን ትቶት በሄደው ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ስልኬ በሞላ ቁጥር ፎቶዎቹን እያወጣ እዚያ ያስቀምጥልኝ ነበር። የራሱ ፌስቡክ ላይማ ያለው የኳስ ተጫዋች ፎቶ ነው!

ዛሬ ሃያት ፎቶውን ልታወጣልኝ ነበር። ሰላም ደግሞ ለትምህርታቸው የሚፈልጉትን ሊኑክስ የሚባል ሲስተም እዚያው ላፕቶፕ ላይ ልትጭንላት።

«የሰላምን ሥራ አስቀድሙ፣ መኪና እንዳያመልጣት። ፎቶው የትም አይሄድ» ተባለ።

ያልኩት እኔ ነኝ።

ሰላም አስረዳችን። ዊንዶውሱ እንዳለ ይቀመጣል፣ ከቦታው ተከፍሎ ለሊኑክስ ይሰጣል፣ ሲከፈት «የቱን ልክፈት?» ብሎ ይጠይቃል።

አባባ ይመር ሳቁ። «ሁለት ጣውንት ባንድ ቤት! እኔ ሞክሬው አልሆነም።»

«መሃሉ ግድግዳ አለው፣ አባባ።»

«ግድግዳማ እኔም ሠርቼ ነበር!»

እኔ ግን አልሳቅሁም። «የጀማል ፎቶ ያለበት አይነካም?»

«አይነካም፣ እትዬ። ይሄ ስክሪኑ ላይ የሚሄደው መስመር እስኪሞላ ግን ማንም እንዳይነካው።»

አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። ዝንብ እንኳ አላሳረፍኩበትም።

ከዚያ በግራና ከተማ በኩል ሰማዩ አጉረመረመ። የማሾው እህል ሊደርቅ ደጅ ተሰጥቷል! «ሩጡ!» ብዬ ልጆቹን ላክኋቸው። አባባ ይመርም ዘንጋቸውን ይዘው ተከተሉ።

እኔ ቤት ነጎድጓድ ሲሰማ የሚነቀል ሁሉ ይነቀላል። ፍሪጅ፣ ቲቪ፣ ቻርጀር። የጎረቤት ቲቪ በመብረቅ ሲቃጠል በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ የልጄን ፎቶ መብረቅ ሲበላው ቁጭ ብዬ ላይ ነው?

ቢስሚላህ ብዬ ነቀልኩት።

ስክሪኑ ድርግም አለ።

ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ላፕቶፑ የሚሠራው ሶኬት ላይ ሲሰካ ብቻ ነው። ይህን ደግሞ አላውቅም አልልም። አውቃለሁ!

ልጆቹና አባባ ይመር በስብሰው ገቡ። ሰላም አየችውና የያዘችውን ሳፋ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

«እትዬ፣ አይንኩት ብዬዎት ነበር እኮ።»

«ኮምፒውተሩን አልነካሁም፣ ሶኬቱን ነው የነካሁት።»

ሃያት ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሶኬቱን መልሳ ሰካችው።

ብዙ ደከሙ። ዊንዶውሱ አልከፈትም አለ። በፍላሹ በኩል ሲገቡም የፎቶው ቦታ አልነበብ አለ። ሰላም «አሁን ምንም አንጫንበት፣ ይብስበታል። ደሴ ፎቶውን የሚያወጣ ባለሙያ ይኖር ይሆናል፤ ተስፋ ግን አልሰጥዎትም» ብላኝ ወደ መኪናዋ ሄደች።

መብረቁስ አትሉኝም? ራቅ ብሎ አለፈ። መብራት እንኳ ብልጭ ድርግም አላለም!

አባባ ይመር ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው «የጠፋው ፎቶው ነው፣ ዘይነባ። ልጁን አላህ ያውቀዋል» አሉኝ።

ከመብረቅ አድናለሁ ብዬ በገዛ እጄ አጠፋሁት። እንደኔ ያለ ጥንቁቅ ሰው ቤታችሁ ካለ ከሶኬት አርቁት።

ስለዚህ ፎቶ አልለጥፍም፣ በቃል ልንገራችሁ። ጀማል ጠይም ነው፣ ረዘም ይላል፣ በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከጅቡቲ ነው።

ያየው፣ አብሮት የተጓዘ፣ ስሙን የሰማ ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ። ክፉም ቢሆን ጻፉልኝ።