ለሁሉም የሚፈርሙት ጋሼ ይማም

እምቢ ማለት የማይሆንለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ሰፈር፣ መካነ ሰላም፣ ጋሼ ይማም የሚባሉ ጡረተኛ አሉ። እኔ የንግድ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነኝ። የሰፈራችን ጭፈራ ቤት መጠጥ የመሸጫ ፈቃዱን ይነጠቅ የሚል አቤቱታ ደርሶን ፈራሚዎቹን ሳነብ ስማቸውን አገኘሁ። ፈቃዱ አይነካ የሚለውን የድጋፍ ደብዳቤ ስገልጥ፣ እዚያም አሉ። ውሳኔው ለነገ ነው፤ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝና ቤታቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የትኛው ነው የእርስዎ ፊርማ?»

«ሁለቱም።»

«እንዴት ይሆናል?»

«አቤቱታውን ያመጣችው ጎረቤቴ ናት፤ በጩኸቱ ልጇ ለፈተና ማጥናት አቅቷታል። ድጋፉን ያመጣችው የጭፈራ ቤቱ ባለቤት ናት፤ ሦስት ልጆች የምታሳድገው በዚያው ቤት ነው። ወላሂ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የቷን ልመልስ?»

«እርስዎስ ይተኛሉ?»

«እኔማ እንቅልፍ ካየሁ ከረምኩ» አሉ ቀስ ብለው። «ግን የጠየቀኝ የለም።»

ይኼ ደግነት ነው ወይስ ፍርሃት? እኔ እንጃ።

በማግስቱ ሁለቱን ወገን በጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ጠርተን የፈራሚዎቹን ስም ከሁለቱም ወረቀት አነበብን፤ ከዚያም ፈቃዱ ይቀጥል፣ ሙዚቃው ግን ይቀነስ ብለን ወሰንን። ሁለቱ ሴቶች እያወሩ ከአዳራሹ ወጡ። በር ላይ የቆሙትን ጋሼ ይማምን ግን አንዳቸውም ሰላም ሳይሏቸው አለፉ።