የሕሊና አልጋ እና የአያ ሙሉሰው ክንድ

አልጋው ገባ! እሰይ፣ ገባ! ዛሬ ጠዋት ግማሹ ሰፈር አንገቱን አንጋጦ ሲያየው የነበረው አልጋ በሰላም ገብቷል። እግሩ አልተሰበረ፣ ሰው አልተጎዳ፣ የእኔም የበረንዳ አበባ ተርፏል።

የማን አልጋ አትሉም? ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ቤት የተከራየችው የሕሊና ነዋ! ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ የመጀመሪያ ቤቷን ይዛለች። ቤት ስል አንድ ክፍል፣ ሁለት ድስት የምታስቀምጥ ማብሰያ ጥግና በረንዳ ማለቴ ነው። ግን የአልጋውን ወሬ ከመናገሬ በፊት ስለ ለኪው ልንገራችሁ።

ቤት የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ለኪ ዘመድ አለው። የለኝም አትበሉ፤ አላችሁ። ቁልፉን ገና ሳትለምዱት በሩ ላይ ይቆማል፤ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ይሄድበትና "ይህማ አይበቃም" ይላል። ምኑ እንደማይበቃ አይናገርም። የሕሊና ለኪ የእናቷ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ክቡር ሊቀ ልኬት አያ ሙሉሰው ዘአምባ ጊዮርጊስ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ለአንድ ቀን ብለው በጠዋቱ አውቶቡስ መጡ፤ ይኸው ሦስተኛ ሳምንታቸውን ዘመድ ቤት እያደሩ ቀኑን እኛ ሕንፃ ላይ ያሳልፋሉ።

አያ ሙሉሰው ሜትር አያምኑም። ይህን የምትነግራችሁ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ልብስ የሰፋች ሴት ናት። የሕሊናን መስኮት ልለካ ሜትሬን ስዘረጋ እንደ እባብ አዩት።

"ምነው እታለም፣ ይህ ገመድ እኮ ይለጠጣል። የሰው ክንድ ሲለጠጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን መስኮቱ ላይ ጋደም አደረጉት። ክንድ ስል የእናንተን እንዳታስቡ። የአያ ሙሉሰው ክንድ ከክርን ተነሥቶ ጣት ጫፍ እስኪደርስ ሰው አንድ ሻይ ጠጥቶ ይጨርሳል።

በዚሁ ክንድ ቅዳሜ ገበያ ወረዱ። የመጋረጃ ጨርቅ ነጋዴው የብረት ሜትሩን ሲያነሣ "በክንድ ካልሆነ አልገዛም" አሉት። ነጋዴው ሳቀ፤ እሺ ብሎ በራሱ ክንድ መለካት ጀመረ። "ቆይ፣ ቆይ! የሻጭ ክንድ ይታጠፋል፤ የገዢ ክንድ ይዘረጋል!" ብለው ጨርቁን ከእጁ ወሰዱ። ሕሊና ከኋላቸው ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ቆማ ነበር። ነጋዴው ግን ለክርክሩ ጉልበት አልነበረውም። ጨርቁ መስኮቱን ሸፍኖ፣ የትራስ ልብስ ወጥቶት፣ የሻይ ጠረጴዛ ልብስም ወጣው። የሻይ ጠረጴዛው ገና አልተገዛም።

ፍራሽ ሊገዙ የሄዱ ዕለትማ! "ፍራሽ በዓይን አይገዛም" አሉና ጫማቸውን አውልቀው ሱቁ መሐል ተጋደሙበት። ልክ ይኑረው አይኑረው ሊያዩ ነው። ከዚያ ዝም አሉ። ከዚያ ማንኮራፋት ጀመሩ። ሕሊና ልትቀሰቅሳቸው ስትል ባለ ሱቁ ከለከላት፤ መንገደኛው ቆሞ "ይህን ያህል ይመቻል እንዴ?" እያለ ይገባ ነበርና። እሳቸው እስኪነቁ ሁለት ፍራሽ ተሸጠ። ለሕሊና ያለ ክርክር ቀነሰላት።

እሷ በመጀመሪያ ደሞዟ መስታወት ነበር ያማራት። አያ ሙሉሰው ሰባት ቢጫ ጀሪካን አስገዟት። በእኛ ሰፈር ውኃ ሲያሰኘው በሳምንት፣ ሳያሰኘው በሁለት ሳምንት ነው የሚመጣው። "ሰው መልኩን የሚያየው ታጥቦ ነው" አሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፍራሹ መሬት ላይ ነበር። ችግሩም ከዚያ መጣ። የሕሊና እናት፣ እመት እንኳየሁ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ደወሉ። "ልጄ መሬት ተኝታ አልሰማም። ብቻሽን ሰው በማታውቂበት ፎቅ! ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ከመሬት ከፍ ብለሽ ካላገኘሁሽ ፀዳ ከተማ ያለችው አክስትሽ ቤት ትገቢያለሽ።" ቃላቸው አይመለስም። ሕሊና አክስቷን ትወዳለች፤ ግን እዚያ ስድስት ልጆች አሉ፤ በሩን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው እንዳኮረፈ ይቆጠራል። ዩኒቨርሲቲም ስምንት ሆነው ነው አንድ ክፍል የኖሩት። ቁልፍ በእጇ የያዘችው አሁን ገና ነው። ከሥራ ስትመለስ ቁልፉን ቀስ ብላ ስታዞረው እሰማታለሁ፤ የምትጣፍጥ ከረሜላ አፏ ውስጥ ያለች ይመስላል።

የተዘጋጀ አልጋ ዋጋው ስለማይቀመስ አናጢው ወልደኢየሱስ ተጠራ። አያ ሙሉሰው ክፍሉን ለኩ፤ ወልደኢየሱስም የክንዳቸውን ልክ በእንጨት ዘንግ ቆርጦ ወሰደ፤ የአልጋው ርዝመት አራት ክንድ ከስንዝር።

"ሲፈለግ እንዲፈታ ቡሎን ላድርግበት?" አለ።

"ኧረ ምኑን! ቡሎን ይላላል። የላላ አልጋ ይንቋቋል። በኮላና በሚስማር ድፈነው!"

ደፈነው።

ዛሬ ጠዋት አልጋው በአራት ሰው ትከሻ መጣ፤ የደረጃው የመጀመሪያ ኩርባ ላይም ቆመ። በጎኑ አዞሩት፣ በራሱ አቆሙት፤ ወይ ፍንክች! እኔ ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ በጣቴ እያወዛወዝኩ፣ "ደረጃውን ለክተውት ነበር አያ ሙሉሰው?" አልኩ። ክፋቴን አልደብቅም፤ ደስ ብሎኛል።

"እኔ የተጠየቅሁት ቤቱን ነው፤ መንገዱን ማን ለካ አለኝ?" አሉ። ግን ድምፃቸው ቀጠነ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ክንዳቸውን አገላብጠው አዩት። የዚያን ጊዜ ደስታዬ ጠፋ።

የሕሊና ስልክ ጮኸ። "ኮሶዬን አለፍን" አሉ እናቷ፤ መንገድ ላይ ናቸው።

ወልደኢየሱስ መጋዙን አወጣ። "መሐሉን ልክፈለው፤ ላይ ስንደርስ በጣውላ እጠግነዋለሁ።"

ሕሊና ዓይኗ እንባ አቅርሮ "ይቆረጥ" ልትል ከንፈሯን ስትከፍት አያ ሙሉሰው ብድግ አሉ። "ተጠግኖ የተጀመረ ቤት አላይም! የበረንዳው በር ባለ ሁለት መዝጊያ ነው። በዚያ ይገባል!" የአገራቸውን ድንች አስረው ያመጡበትን የጠፍር መጫኛ ከሕሊና ክፍል ይዘው መጡ፤ ከዚያ ግቢው መሐል ቆመው፣ "ኧረ የሰው ያለህ! ኧረ ጎረቤት!" ብለው ጮኹ።

በእኛ ሕንፃ እንዲህ ጮኾ የሚያውቅ የለም። ሕሊና መሬት ተከፍታ ብትውጣት ፈቃደኛ ነበረች። ግን በሮች ተከፈቱ። ተማሪዎቹ ወረዱ፤ የባንኩ ሠራተኛ በፒጃማው ወረደ፤ ከአራተኛ ፎቅ መሪጌታ ኃይለ ማርያም ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ከፊሉ በረንዳው ላይ፣ ከፊሉ ታች ሆኖ መጫኛውን ያዘ። መሪጌታ በዚያ ባማረ ድምፃቸው "ሳ-ቡ-ት" እያሉ በዜማ ይመሩናል፤ አልጋው እየተወዛወዘ ይወጣል።

የእኔ በረንዳ ጋ ሲደርስ የእህል ጆንያ የጫነች አንዲት ባጃጅ ቆመች። እመት እንኳየሁ ወረዱ።

"ምንድን ነው ይኼ? እነዚህ ሁሉ ሰዎችስ እነማን ናቸው?"

ሕሊና የግማሹን ስም እንኳ አታውቅም። መሪጌታ ከላይ በእሷ ፈንታ መለሱ፦ "ጎረቤቶቿ ነን እመቤት! ቆመው ከሚያዩን ያችን ጫፍ ይያዙልን!"

እመት እንኳየሁ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው መጫኛውን ያዙ። ከሁላችንም በላይ የሳቡት እሳቸው ናቸው።

ገባ! ቤቱ ወንበር ስለሌለው አሥራ አንድ ሰው አልጋው ላይ ተደረደርን፤ እመት እንኳየሁ የገብስ ቆሎ አዞሩልን። አልጋው ጭጭ! አንዴም አልተንቋቋም። አያ ሙሉሰው በዓይናቸው ፈለጉኝ፤ እኔ ወደ ቆሎዬ።

ከታች የባጃጇ ሹፌር ጡሩምባ ነፋ። "እናቴ፣ እህሉ ወደ ፀዳ ነው አላሉኝም?"

እመት እንኳየሁ በረንዳ ወጡ። ፊታቸው አይነበብም፤ ሕሊና ቆሎውን በእጇ እንደያዘች ቀረች።

"እዚሁ አውርደው!"

"ለፀዳ አልነበረም?"

"የልጄ ቀለብ ነው። ልጄ እዚህ ናት።"

ሕሊና ተነሥታ የአጎቷን ክንድ በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። አያ ሙሉሰው ሥራዬን ጨረስኩ፣ ሰኞ እሄዳለሁ ሲሉ ልለቃቸው አልፈለግሁም። አሥር ዓመት የኖርኩበትን ቤት፣ እያንዳንዷን ጥግ በሜትር የማውቀውን፣ "ተለክቶ አያውቅም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይፈጃል" አልኳቸው። እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ነው።

በሉ፣ ልሂድ። እህቴ ልዕልት የምትኖረው አዘዞ ነው፤ ስልኳን አታነሣም፤ ይህን ወሬ ከሌላ ሰው አፍ ከሰማችው ዕድሜ ልኳን አትምረኝም። ያቺ ባጃጅ ባዶዋን ሳትመለስ ልድረስባት። ባጃጅ! ኧረ ቆይ!