የአቶ ገብረሥላሴ እቅድና የእኔ ጣራ

በዚህ አገር ቤቱን ለማደስ ያሰበ ሰው ሁሉ፣ ከሚስማርና ከቆርቆሮ በፊት አንድ ነገር በነፃ ያገኛል፤ አማካሪ። አማካሪው አልተጠራም፣ አይከፈለውም፣ ቤቱም የእሱ አይደለም። ሐሳብህን ግን ካንተ በፊት ያውቀዋል። ስለ ሌላው ከተማ አልናገርም፤ የአዋሽ ሰባት ኪሎው አማካሪ ክቡር አቶ ገብረሥላሴ ናቸው።

አቶ ገብረሥላሴ በባቡር ጣቢያው የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ናቸው። ረጅም ናቸው፤ በጣም ረጅም። ባቡር ሲገባ ከመንገደኛው ሁሉ በላይ ባርኔጣቸው ይታያል። ከሥራ ሲወጡ ቤታቸው አይገቡም፤ ሊታደስ የታሰበ ቤት ፍለጋ ይዞራሉ። የታሰበ ከጠፋም ሊታሰብለት የሚገባ አይጠፋም። ሲያገኙ በሩ ላይ ይቆሙና ጣራውን ሽቅብ እያዩ "ነገሩን ከሥሩ እንየው" ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ባለቤቱ እንቅልፍ የለውም።

የሀጂራን ሻይ ቤት አንድ ጊዜ ከሥሩ አዩላት። ሀጂራ የፈለገችው አንዲት መስኮት ነበር። እቅዱ ሲያልቅ መስኮቷ በር ሆነች፣ በሩ ግድግዳ ሆነ፣ ምድጃው መንገድ ላይ ወጣ። የጥጥ መኪና ሾፌሮች በየት በኩል እንደሚገባ ስለጠፋቸው እስካሁን ሻያቸውን ውጭ ቆመው ነው የሚጠጡት። ሀጂራን ብትጠይቋት "ወላሂ፣ ሲያስረዱኝ እኮ ገብቶኝ ነበር" ትላለች።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ የእኔን ቤት ለምን አሳየኋቸው? በባለቤቴ በንጋትወርቅ ምክንያት ነው። በጥጥ እርሻው ቢሮ ጸሐፊ ሆኜ ወደዚህ ስወርድ እሷን ያመጣኋት ከደብረ ብርሃን፣ ከብርድ አገር ነው። እዚህ በሙቀቱ ወራት ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ ይተኛል። አጥራችን ደግሞ እሾህ ነው፤ ነፋስም ያሳልፋል፣ ዓይንም ያሳልፋል። ንጋትወርቅ "ሾፌሩም ግመል ነጂውም እያየኝ አልተኛም" ብላ ቤት ውስጥ ገባች። ዝቅ ያለው ቆርቆሮ ቀን የሰበሰበውን ፀሐይ ሲመሽ አወረደባት። ብዙም ሳትቆይ ወደ እናቷ ተመለሰች። በዓመቱ በወንድሟ በኩል የላከችብኝ ቃል አጭር ነበር፤ ለዳግማይ ትንሣኤ እመጣለሁ፣ ቤቱ እንደ አምናው ከሆነ በሚቀጥለው ባቡር እመለሳለሁ፣ ሁለተኛም አልመጣም። ትዳሬ እንግዲህ በአንድ ጣራ ሊወሰን ነበር።

አቶ ገብረሥላሴ ከሥሩ አዩልኝ። ጣራው ከፍ ይላል፣ ክፍሉም ወደ ጓሮ ይሰፋል አሉ። በጀቱንም እዚያው ቆመው ደለደሉት፤ ሲሶው ለጣራ እንጨት፣ ሲሶው ለግድግዳ፣ ሲሶው ለማይታወቀው ነገር።

"የማይታወቀው ነገር ምንድን ነው፣ ጋሼ?" አልኳቸው።

"ባውቀውማ ከሚታወቀው ጋር እከተው ነበር፣ አቶ በላይ።"

ይህን መልስ እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ለማንኛውም የማይታወቀው ነገር ሳይዘገይ መጣ፤ ግድግዳውን የጨረሰ ምስጥ ሆኖ ተገኘ። የእሱ ሲሶ ሲያልቅ ከግድግዳው ሲሶ ተበደረ፣ ያም ሲያልቅ የአሮጌው ጣራ እንጨት ወርዶ ግድግዳው ውስጥ ገባ። አቶ ገብረሥላሴ ደጋግመው አስረዱኝ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ጣራዬ እንዴት ግድግዳ እንደሆነ ለራሴ ማስረዳት አቃተኝ።

የአዲሱን ጣራ ስፋት የለኩት በገዛ ክንዳቸው ነው። ከግድግዳ ግድግዳ ለክተው ስንት ክንድ እንደሆነ ለአናጢው ለጣሃ ነገሩት። ጣሃ የወሎ ሰው ነው፤ ቃል አክባሪ፣ ጥንቁቅ፣ ቁመቱ ግን ከአቶ ገብረሥላሴ ደረት አይደርስም። እሱም የተነገረውን አንድ ሳያጎድል በራሱ ክንድ ለክቶ ቆረጠ።

ንጋትወርቅ ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀራት እንጨቱ ወደ ላይ ወጣ። ከአንዱ ግድግዳ ተነሥቶ ከሌላው ሳይደርስ ቀረ።

"ወላሂ፣ ቁጥሩ ልክ ነው" አለ ጣሃ።

"ቁጥሩማ ልክ ነው" አሉ አቶ ገብረሥላሴ። ክንዳቸውን አዩ፤ የጣሃን ክንድ አዩ። ሌላ እንጨት ከላይ አገር በባቡር እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል፤ መግዣውም የለም። ባርኔጣቸውን አደረጉና ቀና ሳይሉ ሄዱ። ከዚያ በፊት ጣራ ሳያዩ ሲሄዱ አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ንጋትወርቅ መጣች። ቤት ገብታ ቀና ስትል ሰማይ አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። "ሻንጣዬ አይፈታ" ብቻ አለች፤ ሲመሽም አልጋዋን እዚያው በግድግዳዎቹ መሀል አነጠፈች።

ጠዋት ፀሐይ ወጥታ እሷ አልነቃችም። ነፋሱ ከላይ እየወረደላት፣ ግድግዳው ከዓይን ከልሏት፣ ነጠላዋን ጥላ ጭልጥ ብላ ተኝታለች። አዋሽ እግሯ ከረገጠ ጀምሮ እንዲህ ስትተኛ አይቻት አላውቅም። የቀሰቀሳት የጋሪ ድምፅ ነው።

በሩ ላይ አቶ ገብረሥላሴና ጣሃ፣ ጋሪ ሙሉ በጭስ የጠቆረ እንጨት ይዘው ቆመዋል።

"የማድ ቤቴ ጣራ ነው" አሉ አቶ ገብረሥላሴ፣ መሬት መሬት እያዩ። "ይደርሳል። የለካሁትም የቆረጥኩትም እኔው ነኝ።"

ባለቤታቸው ወይዘሮ ውባንች ያን ጊዜ ጃንጥላ ይዘው ፀሐይ ላይ ወጥ እየሠሩ እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

ንጋትወርቅ ወጥታ እንጨቱንም ሰውየውንም አየች። "ይመልሱት፣ ጋሼ" አለች። "ዝናብ እስኪመጣ ይሄን ቤት የሚነካብኝ የለም። ለመሆኑ እንዲህ አድርጎ ያሰበልኝ ማነው?"

አቶ ገብረሥላሴ እውነቱን ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸው። "እሳቸው ናቸው" አልኩ። ጣሃም "ወላሂ እሳቸው ናቸው" አለ። ለእኔ ብሎ የገዛ ቤቱን ጣራ ያወረደ ሌላ ሰው የለኝም፤ ያን ጊዜ ወደድኳቸው፣ እስከ ዛሬም እወዳቸዋለሁ።

ጣራው ከደመወዜ እየቆጠብኩ በገዛሁት እንጨት ሐምሌ ሳይገባ ተሠራ። በየዓመቱ ሙቀቱ ሲጀምር ይወርዳል፣ ክረምት ሲመጣ ይወጣል። እንዴት እንደሚወርድ ለማቀድ አቶ ገብረሥላሴ ከጥር ጀምሮ እየመጡ ደጃችን ይቆማሉ። የሚሉት አሁንም አይገባኝም። ሳይመጡ የቀሩ ቀን ግን ንጋትወርቅ "ሰውየው አመማቸው እንዴ?" ትለኛለች፤ እኔም ጫማዬን አድርጌ ልጠይቃቸው እወጣለሁ።