ሲያድጉ ይቀልልሃል

“ልጅ ሲያድግ ወጪው ይቀላል” የሚል ሰው አላጋጠማችሁም? እኔ አንድ አለኝ፤ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ አሶሳ የመጡት ጎረቤቴ፣ ጋሽ ይመር።

ልጄ ገና ዳይፐር ሲጨርስብኝ፣ “አብሽር፣ በእግሩ ሲሄድ ይቀልልሃል” አሉኝ። ሄደ፤ ጫማ ጨረሰ። “አብሽር፣ ትምህርት ቤት ሲገባ!” ገባ፤ እኔም ኪሴን ይዤ ተከተልኩት። ድሮ አንድ የጓሮ ማንጎ ዝም የሚያሰኘው ልጅ፣ ዘንድሮ የዛፉን ፍሬ ሁሉ አሽጦኝ ስልክ አስገዛኝ። ታዲያ ቀላሉ ዘመን የት ነው ያለው? መቀመጥ አቃተኝና ልጠይቃቸው ሄድኩ።

በር ላይ፣ ያቺን የሚሳሱላትን ፍየል ወደ ገበያ ሲጎትቱ ደረስኩ።

“ምነው ጋሼ?”

“የትልቁ ልጄ ጣሪያ እያፈሰሰ ነው፤ ቆርቆሮ ልግዛለት ብዬ።”

ትልቁ ልጃቸው እኮ ጺሙ ሸብቷል! ሴት ልጁን ድሯል! ፍየሏ እንኳ ነገሩ ስላልገባት አራት እግሯን ተክላ እምቢ ብላለች።

“ታዲያ መቼ ነው የሚቀለው?” አልኳቸው።

“አብሽር” አሉኝ ገመዱን እየሳቡ፣ “እሱም ሲያረጅ ይቀልልኛል።”

ከኋላ ሆኜ ፍየሏን ገፋሁላቸው።