ሰባቱ የጃዝ ሪሎችና የዋና ዳይሬክተሩ ድምፅ

ሬዲዮ ጣቢያችን ለቅርስ ያለው ክብር በቃላት የሚገለጽ አይደለም፤ በቃላት ከመግለጽ የቦዘንበት ጊዜ ግን የለም። ይህን ክብር በተግባር ለማሳየት ዕድል ያገኘነው በአንድ የፈነዳ ቧንቧ ምክንያት ነው።

ቧንቧው የፈነዳው ምድር ቤት፣ የድምፅ መዛግብት ክፍል ውስጥ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ወንበር ላይ የሠራች ዝምተኛ ሴት፣ ውሃው ሳይደርስበት ብላ ቁም ሳጥኑን ስትጎትት ከኋላው አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አገኘች። ውስጡ ሰባት ሪሎች፣ እያንዳንዳቸው ሰሃን የሚያካክሉ የቴፕ ጥቅሎች ነበሩ። አንዱን በአሮጌው ማጫወቻ ብትሞክረው፣ ጣቢያው በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጣቢያው የጃዝ ኦርኬስትራ ከዚሁ ሕንፃ አዳራሽ በቀጥታ ያሰማው ሙዚቃ ሆኖ ተገኘ። ትራምፔቱ ሲገባ ሴትዮዋ ውሃ ውስጥ መቆሟን ረሳች።

ወዲያው ሪፖርት አደረገች። ዋና ዳይሬክተሩም ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበትን ጠየቁ።

«ማን ፈቅዶልሽ አገኘሽው?»

«ቧንቧ ፈንድቶ ነው፣ ጌታዬ።»

«ቧንቧውስ በዕቅድ ተይዟል?»

አልተያዘም። ስለዚህ ሪሎቹ ለጊዜው እንዳልተገኙ ተቆጥረው፣ መገኘታቸውን የሚያረጋግጥ ዘጠኝ አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በአምስት ወር ውስጥ አሥራ አራት ጊዜ ተሰብስቦ፣ ሪሎቹ በእርግጥ መገኘታቸውን፣ ከዚያ በፊትም ጠፍተው እንደነበር በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ቅርሱ እንዳይጎዳም እስከ ምረቃው ቀን ማንም እንዳይሰማው ወሰነ። በዚህ ረገድ ኮሚቴው ራሱ አርአያ ነው፤ አንዲት ኖታ ሳይሰማ ነው ያጸደቀው።

ውሳኔው ያልተዋጠላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ሰፈርተኛው «ጋሽ ትራምፔት» የሚላቸው፣ በዚያ ኦርኬስትራ ሲነፉ የኖሩ የሰማንያ ስድስት ዓመት አዛውንት ናቸው። ወሬውን ሰምተው ምድር ቤት ድረስ በከዘራ ወረዱ።

«እኔ እኮ ራሴን ሰምቼው አላውቅም» አሏት ኃላፊዋን። «ያኔ በቀጥታ ነበር የሚተላለፈው። አገር ሁሉ እኛን ሲያዳምጥ እኛ እዚህ እየነፋን ነው። አንዴ ብቻ አሰሚኝ፣ ልጄ። የቀረኝ ጆሮ አንድ ነው፤ እሱም ሊሄድ ዕቃውን እየሸከፈ ነው።»

«ማመልከቻ ያስገቡ፣ ጋሼ» አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

አስገቡ። መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ፤ አመልካቹ የኦርኬስትራው አባል እንደነበሩ ሦስት የኦርኬስትራው አባላት ቀርበው ይመስክሩላቸው ይላል።

«ከአሥራ ሁለታችን የቀረሁት እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው።

«ችግር የለም» አላቸው የጽሕፈት ቤቱ ሰው በትሕትና። «ሲመቻቸው ይዘዋቸው ይምጡ።»

የምረቃው ዝግጅት ተጧጧፈ። አዳራሹ ቀለም ተቀባ፤ የክብር ወንበሮች ልብስ ለበሱ። በዚህ መሃል ዋና ዳይሬክተሩን አንድ ታላቅ ሐሳብ ብልጭ አላቸውና የድምፅ ቴክኒሻኑን አስጠሩት።

«መጪው ትውልድ ሪሉን ሲከፍት መጀመሪያ የሚሰማው የማንን ድምፅ ነው?»

«የትራምፔቱን።»

«ማን እንዳገኘለት ሳይነገረው? አይሆንም። ንግግሬ የመጀመሪያው ሪል መግቢያ ላይ ይቀዳ።»

«ጌታዬ፣ እዚያ ላይ ሙዚቃ አለ።»

«ትንሽ ገፋ አድርገዋ!»

«ቴፕ እኮ ነው፤ አይገፋም። ላዩ ላይ ከቀዳንበት የነበረው ይጠፋል።»

«ሁለት ደቂቃ ናት። በጽሑፍ ልስጥህ?»

በጽሑፍ ሰጡት። ቴክኒሻኑ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ቀዳ። ሁለት ደቂቃ የተባለው ንግግር ሃያ ስምንት ደቂቃ ፈጀ። ሪሉ የሠላሳ ደቂቃ ነው።

በምረቃው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጋሽ ትራምፔት ከኋላ ተቀምጠው ደህናውን ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አዞሩ። ሪሉ ተከፈተ። ዋና ዳይሬክተሩ ቅርስን ከጥፋት ስለመታደግ ሃያ ስምንት ደቂቃ ተናገሩ። ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና የቀረችው ሁለት ደቂቃ ደረሰች፤ የዚያን ዘመን ታዳሚ ጭብጨባ! አዳራሹ ተናጋ። ፉጨቱ፣ የእግር ድብደባው፣ ከሁሉም በላይ ጩኸቱ፦ «ይደገም! ይደገም!»

«ይሄማ የኛ ጭብጨባ ነው» አሉ ጋሽ ትራምፔት። የሰማቸው የለም።

ዋና ዳይሬክተሩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ተነሥተው እጅ ነሡ። «የሕዝብ ጥያቄ ምላሽ ያገኛል!» አሉ። «ከሰኞ ጀምሮ የቀሩት ስድስት ሪሎችም መግቢያ ይሠራላቸው።»

የመዛግብት ኃላፊዋ ያን ዕለት ከግብዣው ቀረች። ምድር ቤት ወርዳ ከስድስቱ ሪሎች ላይ የቀድሞውን ወረቀት ላጠችና በጥሩ እጅ ጽሑፏ አዲስ ለጠፈች፦ «የቀድሞው ዋና ዳይሬክተር ንግግሮች፣ ከክፍል አንድ እስከ ስድስት»። ከዚያም በር በሌለው መደርደሪያ ላይ፣ ለሁሉ በሚታይ ቦታ ደረደረቻቸው።

ሰኞ ስድስቱ የጃዝ ሪሎች ቢፈለጉ ቢፈለጉ ጠፉ። ኮሚቴው ልምድ ነበረውና መጥፋታቸውን በአንድ ስብሰባ አረጋገጠ። መደርደሪያው ላይ ያሉትን የነካ የለም። በመመሪያችን መሠረት የዳይሬክተር ንግግር አይሰረዝም፤ መስማት ግን ግዴታ አይደለም።

ጋሽ ትራምፔት፣ ኃላፊዋ በስውር ጠርታቸው፣ ሐሙስ ሐሙስ መምጣት ጀመሩ። ለንግግር ማመልከቻም ምስክርም አያስፈልግም፤ ጠይቆ የሚያውቅ ስለሌለ ክልከላ አልወጣለትም። መጀመሪያ ቀን ማዳመጫውን በደህናው ጆሯቸው ይዘው ብዙ ቆዩ።

«እንዴት ነው፣ ጋሼ?» አለቻቸው።

«ሦስተኛው ዜማ ላይ ቸኩያለሁ» አሉና ተንሰቅስቀው አለቀሱ።

አንድ ሐሙስ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ከዋና ዳይሬክተሩ ጋር ተገጣጠሙ።

«ምን ሰምተው ነው፣ አባት?»

«የቀድሞውን ዳይሬክተር ንግግር።»

የዋና ዳይሬክተሩ ፊት ልውጥ አለ። «የኔንስ አልሰሙትም?»

«ሰምቻለሁ። የምረቃው ዕለት።»

«ታዲያ እሳቸው በምን በለጡኝ?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ዞሩ።

«እሳቸው» አሉ፣ «ተራቸው ሲያልቅ ለሌላው ይለቃሉ።»