ስውሩ ማስታወቂያና የኦቦ ከድር ማር

ጋዜጣ ባታነቡ ይሻላል። ነገር ነው የሚያመጣው። በጃንሆይ ጊዜ ጎባ አስተማሪ ሳለሁ ጋዜጣ የሚደርሰን ሳምንት አርጅቶ ነበር፤ አርጅቶም ሰው ከማጣላት አይመለስም።

አንድ ቀን ምን ይዞ መጣ መሰላችሁ? በውጭ አገር ሲኒማ መሃል ዓይን የማይደርስባት ፈጣን ጽሑፍ ይሸሽጋሉ አሉ። «ጠጡ» ትላለች። ተመልካቹ ሳያያት ያያታል፤ ሲወጣ ጥም ያቃጥለዋል። እውነት ነው፣ ውሸት ነው እያሉ ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። እኛም ክርክሩን ተቀበልናቸው። አንዱ ባልደረባዬ ይሄ የሰይጣን ሥራ ነው አለ። ሌላው የነጋዴ ሥራ ነው አለ። ልዩነቱን የሚያስረዳ ጠፋ። «እንዴት ሰው በማያውቀው ቃል ይታለላል! ነውር ነው!» ብዬ ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ።

የሌባ ዓይነ ደረቅ ይሏል ይሄ ነው። ለምን ብትሉ፣ ኦቦ ከድር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሐረና ጫካ ውስጥ ቀፎ አላቸው። ልጃቸው ጀማል ሐረር ወታደር ነው። ደብዳቤ በላከ ቁጥር የማነብላቸው እኔ። ታዲያ «ከብቶቹ እንዴት ናቸው» ከሚለው ቀጥዬ፣ ድምፄን ሳልለውጥ፣ «ለመምህሩም ማር ስጡልኝ» እላለሁ። ልጁ መች ጻፈው! ኦቦ ከድር ግን «ያ ረቢ! ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ሰጠኸኝ!» ይሉና በገበያ ቀን አንድ ቅል ማር ይዘው ከተፍ ነው። ሁለት ዓመት እንዲህ በላሁ።

ከዚያ በገዛ እጄ የጎልማሶች ትምህርት ከፈትኩ። መጀመሪያ ማን ተመዘገበ? ኦቦ ከድር። ሦስት ወር ሳይሞላ ቃል መግጠም ጀመሩ። የጀማልን ደብዳቤዎች ደግሞ አንድም ሳይጥሉ አስቀምጠዋል። እሳቸው ፊደል በቆጠሩ ቁጥር እኔን ላብ ያጠምቀኛል። አንብበው ከደረሱበት ማሬም ክብሬም አበቃ ማለት ነው።

ልክ በዚያ ሰሞን የጤና ሲኒማ መጣልን። የትምህርት ቤቱን አዳራሽ መስኮት በብርድ ልብስ ስንሸፍን ኦቦ ከድርን ወደ ጥግ ወሰድኳቸው።

«ሲኒማ ውስጥ ዓይን የማይደርስባት ስውር ጽሑፍ አለች፤ የምትይዘው ማንበብ የሚችለውን ነው» አልኳቸው። «እስቲ ትምህርቱን ለጊዜው ቢያቆዩት?»

አላፈርኩም። እሳቸው ረጅም ጊዜ አዩኝና «እሺ» አሉ። ወሬው ግን ዞረ፤ በማግሥቱ ወደ ጎልማሶቹ ክፍል አንድም ተማሪ አልመጣም። ሲኒማው ስለ ዝንብ ነበር። ስውር ነገር የለውም። እንዲያው እኔ ብቻ ወጥቼ ሦስት ጊዜ እጄን ታጠብኩ።

በሳምንቱ ኦቦ ከድር አዲስ ደብዳቤ ይዘው መጡ።

«አካም ቡልተ፣ መምህር?»

«ደህና አደሩ፣ ኦቦ? ያምጡ፣ ላንብብልዎ።»

«የለም፤ ዛሬ እኔ ላንብብልህ።»

በጣታቸው እየተከተሉ፣ አንዷንም ፊደል ሳይዘሉ አነበቡ። «ጀማል ሰላም ብሏል። ከብቶቹን ጠይቋል። ማር የለም።» ወረቀቱን ገለበጡት። «ከጀርባውም የለም። ትምህርት አቁም ስትለኝ ጠረጠርኩና የድሮዎቹን ሁሉ አንብቤያለሁ። ዓይን የማይደርስባት ጽሑፍ አለች ያልከኝ እውነት ነው ለካ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ሳቁ። ሳቃቸው ከስድብ የባሰ አሳፈረኝ።

«በል አትሸማቀቅ፣ ልጄ። ማር አምሮኛል ብትለኝ ጋን ሙሉ አመጣልህ ነበር። ብትደብቀው በቅል ቀረብህ።»

ኦቦ ከድር ወደ ትምህርታቸው ተመለሱ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። እኔም ምክራቸውን ይዤ ከዚያ ወዲህ የምፈልገውን ሁሉ በግልጽ እጠይቃለሁ። እስካሁን የሰጠኝ የለም።